የፈለጓት ወፍና ያልፈለጓቸው ወፎች



በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ሰው አንድን ነገር ፈልጎ ከቤቱ ወጣ እንበል። ቀኑን ሙሉ ደክሞ የፈለገውን አላገኘም፤ ነገር ግን ያልፈለገውንና ያላሰበውን መልካም ነገር በመንገዱ ላይ አገኘ። ይህ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ «አገኘሁ» ማለት ይገባዋል ወይስ «አጣሁ»? ባገኘው ቢደሰትስ ደስታው እውነተኛ ደስታ ነው ወይስ የተሸነፈ ሰው ማጽናኛ?

ጥያቄው የተነሣው በወጣቶች የውይይት ሰዓታችን ነው። ከመካከላችን ስለ አገራችን አእዋፍ የሚያጠና አንድ ወንድም፣ አንዲት ብርቅ ወፍ ለማየት ብለው ባሕር ተሻግረው ስለሚመጡ ሰዎች አጫወተን። ጨዋታው ከወፍ ጀምሮ ሳናስበው ወደ ራሳችን ኑሮ ገባ፤ ክርክሩም በዚያ ቀን አላለቀም። ስለዚህ ሐሳቡን በጽሑፍ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ እነዚህ ወፍ ተመልካቾች ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ሆኑ እንናገር። ወፍ ማየትን ትልቅ ቁም ነገር አድርገው የያዙ ብዙ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። አይተኩሱም፣ ወጥመድም አያጠምዱም። የሚይዙት የርቀት መነጽር፣ የወፎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍና የማስታወሻ ደብተር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ወፎች ይበልጥ የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት ገና ሲነጋ ነውና። ያዩትን ወፍ ስም፣ ያዩበትን ቦታና ቀን ይጽፋሉ። አንዳንዶቹም በዕድሜያቸው ያዩአቸውን የወፍ ዓይነቶች ሁሉ በዝርዝር ይይዛሉ፤ በዝርዝሩ ላይ አንዲት ስም ለመጨመር ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ያወጣሉ። አገራችን ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች የሚታዩባት፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሌላ በየትኛውም አገር የማይገኙባት ስለሆነች፣ የእነዚህ ሰዎች ልብ ወደ እርስዋ ያዘነብላል።

ከአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ፣ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ሜዳውን ከሸፈነው ነጣ ያለ ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በዚያ ስፍራ የሚኖሩትን ፍጥረታት ሊመዘግቡ መጡ። 315 የወፍ ዓይነቶች፣ 61 የአጥቢ እንስሳት ዓይነቶችና 69 የቢራቢሮ ዓይነቶች መዘገቡ። ሥራቸውን ሲሠሩ ሳሉ በአፈር መንገድ ላይ ሞታ የቆየች፣ ሰውነትዋ የፈራረሰ አንዲት ወፍ አገኙ። ከእርስዋ ለጥናት የሚሆነው ክንፍዋ ብቻ ስለ ነበረ ክንፍዋን ይዘው ሄዱ።

ያቺ ወፍ ፈረንጆች ናይትጃር ከሚሏቸው ወገን ናት። በአማርኛ የሌሊት ወፍ ከምንላት ጋር ግን አንቀላቅላት፤ የሌሊት ወፍ ላባ የላትም፤ ይህችኛዋ ባለ ላባ ወፍ ናት። ቀን ቀን መሬት ላይ ጸጥ ብላ ትውላለች፤ ላባዋ ደረቅ ቅጠልና አፈር ስለሚመስል ሰው ሊረግጣት እስኪቃረብ ድረስ አያያትም። ሲመሽ ተነሥታ በአየር ላይ የሚበሩትን ነፍሳት እየያዘች ትበላለች። በሌሊት በመንገድ ላይ ማረፍም ልማድዋ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የመኪና አደጋ ያገኛታል። የዚያችን ክንፍ ሊቃውንቱ ከሚታወቁት ናይትጃሮች ክንፍ ጋር ቢያስተያዩት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ የወፍ ዓይነት ናት ተብሎ ተጻፈ፤ በሳይንስ ስምዋም «ሶላላ» የሚል ቃል ገባበት። ይህም በላቲን ቋንቋ «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት ዓለም ስለዚህች ወፍ የነበረው ማስረጃ ያው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወፍ ተመልካቾች ሁሉ ያቺን ወፍ በሕይወትዋ ለማየት ተመኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ ነጭ ሣር መጥተው በሌሊት በመብራት ሲፈልጉ ቆይተው አየናት ብለው መስክረዋል። ከአራቱ አንዱ የሆነው የደቡብ አፍሪካው ቬርነን ሔድም ስለ ፍለጋው መጽሐፍ ጽፏል። እንዲህ ያለ ዕድል ያላጋጠመው ሰው ግን ይኖራል። ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ወፊቱን ሳያይ ይነጋበታል። ሲነጋ ግን በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያድነውን ንስር፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ይብራዎች፣ በግራሩ ላይ የሚንጫጫውን የወፍ መንጋ ያያል። እንግዲህ ይህ ሰው አገኘ ወይስ አጣ?

በውይይታችን ላይ አንድ ወንድም እንዲህ አለ፤ «ይህ ሰው አጥቷል። ሌላ መቶ ወፍ አይቶ ደስ ብሎኛል ቢልም ራሱን ማጽናናቱ ነው። ውኃ የጠማውን ሰው ዳቦ ቢሰጡት ጥሙ አይበርድለትም። ጌታችንም ያስተማረን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን አንዱን በግ ስለ ፈለገው እረኛ ነው፤ በዘጠና ዘጠኙ ተጽናንቶ ስለ ተቀመጠ እረኛ አይደለም።»

አንዲት እኅት ደግሞ ይህን ተቃውማ እንዲህ አለች፤ «ሁሉም የእግዚአብሔር ፍጥረት ከሆነ አንዲቱን ለይቶ መፈለግ ምን ያደርጋል? ድንቢጥም በፈጣሪዋ ዘንድ አልተረሳችም። ሰውየው ያዘነው ልቡን በአንዲት ወፍ ላይ ስላሰረ ነው። የመጣውን ሁሉ በምስጋና ቢቀበል ኖሮ አያዝንም ነበር።»

ሁለቱም ሐሳብ እውነት አለበት። ሆኖም ሁለቱም ለብቻቸው ሲቆሙ ያነክሳሉ ብለን እናምናለን። ምክንያቱን እንግለጽ።

ከእኅታችን ሐሳብ እንጀምር። የመጣውን በምስጋና መቀበል መልካም ነው፤ ነገር ግን ምንም የማይፈልግ ሰው ዘንድ የሚመጣው ጥቂት ነው። ያልታሰበውን ወፍ ያየው በአልጋው ላይ ተኝቶ የቀረው ሰው አይደለም። አንዲትን ወፍ ብሎ በሌሊት የተነሣው፣ ጤዛ የረገጠው፣ ጆሮውን ከፍቶ የቆመው ነው። ከዚህም በላይ ፍለጋ ዐይንን ያሠለጥናል። ያቺን ትንሽ ቡናማ ወፍ ከሌሎቹ ለመለየት የሚፈልግ ሰው የጅራትዋን ርዝመት፣ የጉሮሮዋን ቀለም፣ የድምፅዋን ዓይነት ማጥናት አለበት። ይህን ሲያጠና ቀድሞ «ወፍ» ብቻ ብሎ የሚያልፋቸው ሁሉ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው መልክ ይይዙለታል። ስለዚህ ያልታሰበው ስጦታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የታሰበውን ለሚፈልግ ሰው ነው። ፍለጋውን ብናስቀር ስጦታውም አብሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ወንድማችን ሐሳብ እንመለስ። አንዲቱ ብቻ ናት ዋጋ ያላት፣ ሌሎቹ ማጽናኛ ናቸው ይላል። እዚህ ላይ ስለዚያች ክንፍ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ክንፉ ያልታወቀች ወፍ ክንፍ መሆኑን ሰዎቹ በምን አወቁ? የታወቁትን ናይትጃሮች ክንፍ ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች እጅ ስለ ገባ ነው። ተራ የሚባሉትን የናቀ ሰው ያን ክንፍ በመንገድ ላይ ቢያይ ረግጦት ያልፍ ነበር። ብርቁን ከተራው የሚለየው ተራውን ያጠና ሰው ነው። እረኛውም እንዲሁ ነው። ከመቶ በጎቹ አንዱ መጥፋቱን ያወቀው መቶውንም ቆጥሮ ስለሚያውቅ ነው። ዘጠና ዘጠኙን የማይቆጥር እረኛ የመቶኛውን መጥፋት አያውቅም፤ ካላወቀም ሊፈልገው አይወጣም። እንግዲህ ለአንዱ ያለው ፍቅር ለሌሎቹ ካለው እንክብካቤ የተወለደ ነው እንጂ ሌሎቹን ከመናቅ የመጣ አይደለም።

ደግሞም ይህን እናስተውል። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጡት ተመራማሪዎች ያቺን ወፍ ፈልገው አልመጡም፤ መኖርዋን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። የመጡት ያለውን ሁሉ ሊመዘግቡ ነበር። ለእነርሱ ክንፉ ያልታሰበ ግኝት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጡት አራት ሰዎች ግን ያቺው ወፍ የታሰበች፣ የተናፈቀች ሆነች። ወፊቱ አልተለወጠችም። የተለወጠው የፈላጊው ልብ ነው። የአንዱ ያልታሰበ ስጦታ ለሌላው የፍለጋ መነሻ ሆነ። ስለዚህ «የተፈለገ» እና «ያልተፈለገ» የሚሉት ስሞች የነገሩን ዋጋ አይናገሩም፤ የሚናገሩት እኛ ያን ጊዜ ወዴት እንመለከት እንደ ነበር ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 የተጻፈውን እናስታውስ። ሳኦል ከአባቱ ቤት የወጣው የጠፉ አህዮችን ፍለጋ ነበር። ከአገር አገር ዞሮ አህዮቹን አላገኘም፤ ሊመለስም አሰበ። አብሮት የነበረው ብላቴና ግን በአቅራቢያው ያለውን የእግዚአብሔርን ሰው እንጠይቅ ብሎ መከረው። በዚህም ምክንያት ሳኦል አህያ ሊፈልግ ሄዶ ለንጉሥነት ተቀባ፤ አህዮቹንም ሌሎች አገኙአቸው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ያላሰብነው ስጦታ ካሰብነው ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው ግን ከዚህ የሚከብድ ነው። ሳኦል ያላሰበውን መንግሥት በትሕትና ጀምሮ በትሕትና አልጨረሰውም። ሳይደክሙበት የተገኘ ነገር አደራ ነው። ደስ ብሎኛል ብሎ ተቀብሎ እንደ ራስ ንብረት መቁጠር ስጦታውን ያበላሻል።

በዚህ ነገር ላይ ከወፎች ታሪክ ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናምጣ። ልዑል ዩጂንዮ ሩስፖሊ የሚባል ኢጣሊያዊ ተጓዥ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። የሰበሰባቸው የወፎች ሬሳዎች ወደ ኢጣሊያ ተላኩ። ከመካከላቸው ከዚያ በፊት በሳይንስ የማትታወቅ፣ ቱራኮ ከሚባሉት ወገን የሆነች ውብ ወፍ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1896ም በእርሱ ስም ተሰየመች። ነገር ግን ሩስፖሊ ወፊቱን ከየት ስፍራ እንዳገኛት የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወፊቱን በእጃቸው ይዘው አገርዋን ሳያውቁ ከ40 ዓመት በላይ ቆዩ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ በሕይወትዋ እንደ ገና ታየች። በዚያ ዘመን ተኩሶ መሰብሰብ የጥናት ልማድ ስለ ነበረ ሰውየውን ልንፈርድበት አይደለም። የምንለው ግን ይህ ነው፤ አንድን ነገር በእጅ መያዝና ነገሩን ማወቅ አንድ አይደለም። ዛሬ የርቀት መነጽር ይዞ የሚመጣው ተመልካች ወፊቱን አይቶ በዛፍዋ ላይ ትቷት ይሄዳል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ያያታል። ሌላውን ሰው የማያጎድል ደስታ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ፍለጋችን ንጹሕ መሆኑን በምን እንለየዋለን? ወፍ ተመልካቾች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አለ። አንዱ ደክሞ ሲደርስ ሌላው «ወፊቱ አሁን እዚህ ዛፍ ላይ ነበረች፤ ገና በረረች» ይለዋል። ያን ጊዜ የሰው ልብ ይገለጣል። «እሰይ፣ ያቺ ወፍ ዛሬም በሕይወት አለች» ብሎ የሚደሰት ወፊቱን ይወዳል። «ለምን እርሱ አይቶ እኔ ቀረሁ» ብሎ የሚቃጠል ግን የሚወደው ዝርዝሩን ነው፤ ወፊቱ ለእርሱ ክብር መሣሪያ ሆናለች። ይህ ፈተና በወፍ ላይ ብቻ አይቀርም። ጓደኛችን እኛ የተመኘነውን ትምህርት፣ እኛ የተመኘነውን አገልግሎት ሲያገኝ በልባችን የሚሆነውን እንመልከት። ነገሩን ለራሱ ለነገሩ ወደነው ከሆነ በጓደኛችን እጅ ሲያብብ ማየት ያስደስተናል።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን በሰው ቁስል ላይ ጨው የሚነሰንስ ይሆናል። ሁሉ ፍለጋ እንደ ወፍ ፍለጋ አይደለም። በበረሃና በባሕር መንገድ ተሰዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ያላት እናት አለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ከስደት የተመለሰ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ፎቶግራፉን ይዛ ትሄዳለች። ይህችን እናት «ሌሎች ልጆች አሉሽ፤ በእነርሱ ተጽናኚ» ማለት አይገባም። «እግዚአብሔር ያላሰብሽውን ያሳይሻል» ብሎ በችኮላ መናገርም አይገባም። ሰው በሌላ ሰው አይተካም። የወንድማችን ክርክር ሙሉ ኀይሉን የሚያገኘው በዚህ ስፍራ ነው። እረኛው አንዱን በግ የፈለገው በሌላ በግ ሊተካው ስላልቻለ ነው። በእግዚአብሔርም ዘንድ እያንዳንዱ ሰው እንዲሁ ምትክ የሌለው ነው። እንዲህ ላለች እናት የሚገባት አብሮ መቀመጥና አብሮ መጠየቅ፣ አብሮም መጸለይ ነው።

ስለዚህ ልዩነቱን እንዲህ ብለን ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንፈልገው ሰው ሲሆን ፍለጋው አይተውም፤ ሌላ ነገርም አይተካውም። የምንፈልገው የራሳችን ዕቅድ፣ ማዕረግ፣ ቦታ ሲሆን ግን እጃችንን ዘርግተን እንፈልግ እንጂ ጨብጠን አንፈልግ። የተጨበጠ እጅ ከያዘው በቀር የሚቀበለው ነገር የለም።

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የመጀመሪያ ምርጫቸው ያልደረሳቸው ብዙዎች ነን። ሕክምና ፈልጎ ግብርና የደረሰው፣ ምሕንድስና ፈልጎ ታሪክ የደረሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ወንድም ወይም እኅት «ይህም ያው ነው፤ ግድ የለህም» ማለት ውሸት ነው፤ ያው አይደለምና። «ሕይወትህ አበቃ» ማለትም ውሸት ነው። እውነተኛው ቃል ከሁለቱ መካከል ይመስለናል። የተመኘኸውን ስትፈልግ ያሠለጠንኸው ዐይን ከአንተ ጋር አለ፤ በዚያው ዐይን የደረሰህን ተመልከት። በሽተኛ ሊያክም የተመኘ ልጅ የሰብልን በሽታ በሚያጠናበት ጊዜ ያ የመጀመሪያ ርኅራኄው አይጠፋም። ምኞቱን እንደ ገና ለመሞከርም መንገዱ ቢከፈት መሞከሩ ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌላ ወንበር ሲያልም አራቱን ዓመት መጨረስ ነው።

ሌላም አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ደጋ፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ትልቅ ጥቁር ቁራ አለ። ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ከራሱ በስተኋላ ነጭ ምልክት አለበት። በየሥጋ ቤቱና በየቆሻሻ መጣያው አጠገብ ስለምናየው ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ልጆችም በድንጋይ ያባርሩታል። ስሙም ቢሆን መልካም አይነገርለትም፤ ኖኅ ልኮት መልስ ይዞ ባለመምጣቱ ተልኮ የቀረን ሰው «የቁራ መልክተኛ» እንለዋለን። ነገር ግን ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይኖርም። ከሩቅ አገር የመጣው ተመልካች እርሱን ሲያይ መነጽሩን አንሥቶ በደስታ ይቆማል። ማለዳ እየጮኸ በላያችን የሚያልፈው ጋጋኖም እንዲሁ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚኖር ወፍ ነው። ለሌላው ብርቅ የሆነው ለእኛ የዕለት ነው። ነቢዩ ኤልያስን በረሃብ ዘመን እንዲመግቡ የታዘዙትም ቁራዎች መሆናቸውን አንርሳ።

በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ይህ አለ። ታዋቂ ሰባኪ ይመጣል ሲባል አዳራሹ ይሞላል፤ ይህ መልካም ነው፤ ቃሉን መፈለግ ነውና። ነገር ግን በየሳምንቱ ማልደው መጥተው ደጀ ሰላሙን የሚጠርጉ እናት፣ ሳይጠየቅ ወንበር የሚደረድረው ወንድም፣ ሁልጊዜ በኋላ ወንበር ተቀምጣ ማንም ሳያናግራት የምትሄደው አዲስ እኅት አሉ። ምናልባት ለሚቀጥለው ሳምንት ስብከት የምንጠብቀው ቃል በእነዚህ ሰዎች ኑሮ ውስጥ ተጽፎ ይሆናል። ይህን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ስማቸውን መጠየቅ ይበቃል።

ጽሑፋችንን ከመጨረሳችን በፊት አንድ ተግባራዊ ሐሳብ እናቅርብ። በአገራችን ሰሜን ብዙ ቦታ ከጥንቱ ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው እንደ ሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው የቆመው ትውልድ ስላከበረው ነው፤ ወፎቹም መጠለያ ያገኙት በዚያው ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፎች አሉት። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከትምህርት በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድመን ብንገናኝ፣ አንድ ደብተር ይዘን በቅጥሩ ውስጥ የምናያቸውን ወፎች ብንመዘግብ ምን ይመስላችኋል? ስማቸውን የማናውቃቸውን መልካቸውንና ድምፃቸውን እንጽፋለን፤ የሚያውቁትን አባቶችም እንጠይቃለን። አንዲት ብርቅ ወፍ እንፈልግ የሚል ካለ ይፈልግ፤ እኛም አብረነው እንፈልጋለን። በቅጥሩ የደረቁትን ዛፎች የሚተኩ ችግኞችንም በክረምቱ እንተክላለን።

ወንድማችንና እኅታችን ክርክራቸውን ገና አልጨረሱም። ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ «እረኛው በመጨረሻ በጉን አግኝቶታል፤ ባያገኘውስ ኖሮ?» ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ መልሱን እናንተ አስባችሁበት ለሚቀጥለው ውይይት እንድትመጡ እንጋብዛለን። ሐሳባችሁን በጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡም በደስታ እንቀበላለን።

የፈለግነውን የምንፈልግበትን ትጋት፣ ያልፈለግነውን የምንቀበልበትን ልብ አምላካችን ያድለን። የጠፉትን የሚፈልጉትንም ሁሉ እርሱ ራሱ አብሮአቸው ይፈልግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።